የገደሉን መንገድ እንጻፍ

በደሴ ከተማ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከወገል ጤና፣ ከአጅባርና ከኩታበር ድረስ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን ዋላችሁ?

ለወሎ ሰው ስለ ገደል ማውራት ለቀባሪው ማርዳት እንደሚሆን አውቃለሁ። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ገደል ወርዶ ያልወጣ፣ ወይም ወርዶ የወጣ አባት የሌለው ብዙ አይገኝም። እኔም የደላንታ ልጅ ነኝ። ከቤታችን በስተደቡብ ጥቂት እንደተራመዱ መሬቱ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ አየር ነው። ከአየሩ ሥር የበሽሎ ወንዝ እንደ ተጣለ ጠፍር ተጋድሞ ይታያል፤ ከማዶ የመቅደላ አምባ አለ። ልጅ ሳለሁ ገደሉን የማውቀው በፍርሃት ነበር። ቋንቋችንም ፍርሃቴን ያግዘው ነበር፤ የጠፋ ንብረት «ገደል ገባ» ይባላል፣ የተጠላ ነገር «ገደል ይግባ» ይባላል። ሰው ወዶና ፈቅዶ፣ ገንዘብ ከፍሎ ገደል ሊያይ እንደሚሄድ የሰማሁት መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አሜሪካን አገር፣ አሪዞና ውስጥ ፊኒክስ ከተማ የምትኖር የአክስቴን ልጅ ለመጠየቅ ሄጄ ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው፤ እኛ ዘንድ ዝናብና ጭቃ፣ እዚያ ግን ምድጃ። «የጂኦግራፊ መምህር ሆነህ ግራንድ ካንየንን ሳታይ አትመለስም» አለችኝና ሌሊት ተነስተን ወደዚያ ታላቅ ገደል በመኪና ጉዞ ጀመርን። መንገዱን ለእናንተ ማስረዳት አያስቸግረኝም፤ ከሚሌ ተነስቶ በባቲና በኮምቦልቻ አድርጎ ደሴ እንደ መውጣት ነው። ከታች በረሃ ነው፤ የእኛን ቁልቋል የሚመስል፣ ግን የሰውን ቁመት አራትና አምስት እጥፍ የሚሆን እሾሃማ ተክል ዳገቱን ሞልቶታል። መኪናው እየወጣ ሲሄድ ቁልቋሉ ቀርቶ ቁጥቋጦ፣ ቁጥቋጦው ቀርቶ የጥድ ደን ይተካል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል። የገደሉ ደቡባዊ አፋፍ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደኑ ውስጥ እየሄዳችሁ ከፊታችሁ ገደል መኖሩን የሚነግራችሁ ምንም የለም። ከመኪና ወረድን፣ በዛፎቹ መካከል ጥቂት ተራመድን፣ መሬቱም አለቀ።

እንግሊዝኛው የገደሉን ጠርዝ የሚጠራበት ቃል የስኒንም ጠርዝ ይጠራበታል። እኛ ግን አፋፍ የሚል ቃል አለን፤ ስኒ አፋፍ የለውም። ያን ጠዋት እዚያ ቆሜ በቋንቋዬ ኮራሁ።

ልኩን ልንገራችሁ። ኮሎራዶ የተባለው ወንዝ የቆፈረው ይህ ገደል በወንዙ መስመር ሲለካ 446 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከደሴ አዲስ አበባ ካለው መንገድ ይበልጣል ማለት ነው። ከአፋፍ እስከ አፋፍ ሰፊው ቦታ 29 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ጥልቀቱ በአንዳንድ ስፍራ ከ1,800 ሜትር ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1919 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1979 ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ቁጥሩ ግን አይደለም ያስደነገጠኝ። ከእግሬ በታች አንድ ትልቅ አሞራ እየዞረ ነበር፤ ጀርባው ይታየኛል። የአሞራን ጀርባ ከላይ ሆኖ ማየት የደላንታ ልጅ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ያደግሁበት አፋፍ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። የዚህኛው ክንፍ ላይ ግን ቁጥር ተጽፎበታል። ኮንዶር የሚባል ዝርያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1982 በዓለም ላይ የቀሩት 22 ብቻ ነበሩ። በሰው እጅ ተፈልፍለው፣ ተራብተው፣ ከ1996 ጀምሮ በዚያ አካባቢ ተለቀቁ። ለአንድ አሞራ ቁጥር ሰጥቶ፣ በቁጥሩ እየጠራ፣ ዛሬ የት አደረ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ። ይህን ሳስብ ለረጅም ጊዜ ከዚያ ቦታ አልተንቀሳቀስኩም።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልግባ፤ ተማሪዎቼ ይህን እንደማልዘለው ያውቃሉ። ገደል ማለት የተከፈተ መሬት ነው። አፋፉ ላይ የምትረግጡት ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ዕድሜው 270 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን የባሕር ወለል ነበር፤ ውስጡ የባሕር እንስሳት ቅሪት ይገኛል። ከእርሱ ዝቅ ብሎ ያለው ወፍራም የአሸዋ ድንጋይ ደግሞ ነፋስ የከመረው የበረሃ አሸዋ ነው፤ ላዩ ላይ በዚያ ዘመን ያለፉ እንስሳት የእግር ዱካ ቀርቷል። አስቡት፤ ባሕር ከበረሃ በላይ ተነጥፏል። ወረድ ሲሉ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀይ ግድግዳ ይመጣል። ቀይ ይምሰል እንጂ ሲፈነክቱት ውስጡ ግራጫ ነው፤ ከላዩ ካሉት ንጣፎች ዝናብ ያወረደው የብረት ዝገት ነው ያቀላው። መጨረሻ ታች፣ ወንዙ ዳር ያለው ጥቁር አለት 1.7 ቢሊዮን ዓመት ገደማ አለው። በዚህ አለትና በላዩ ላይ በተነጠፈው መካከል ብዙ ዘመን ጎድሏል፤ ተሸርሽሮ የሄደ ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ መዳፉን የሚያሳርፍ ሰው በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጥ ዓመት በመዳፉ ይሸፍናል። ወንዙ ይህን ሁሉ ለመቁረጥ የፈጀበት ጊዜ ግን፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ 5 ወይም 6 ሚሊዮን ዓመት ነው።

የእኛስ? የወሎ ደጋ የቆመበት ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ እየፈላ የፈሰሰ ነው፤ አንዱ ፍሳሽ ሲረጋ ሌላው በላዩ እየተነጠፈ ደረጃ ሠራ። በሽሎን የሚወርድ ሰው ያንን ደረጃ ነው የሚወርደው። የእነርሱ የመጨረሻው፣ የላይኛውና ትንሹ ድንጋይ ከእኛ ዘጠኝ እጥፍ ያረጀ ነው። ደላንታ ላይ በ2000 ዓ.ም. የተገኘውን ኦፓል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያ የከበረ ድንጋይ በየቦታው የተበተነ አይደለም፤ በገደሉ ግድግዳ ላይ በአንድ ስስ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ ውስጥ ነው የሚገኘው። ልጆቻችን ያንን ንጣፍ እየተከተሉ አግድም ይቆፍራሉ፣ ጣሪያው ይደረመሳል፣ ይሞታሉም። ንጣፍ ማለት ምን እንደሆነ፣ በላዩ ያለው ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ውሃ ሲገባበት ምን እንደሚሆን በትምህርት ቤት ያልነገርናቸው ልጆች ናቸው። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ካለ ይቅርታ።

ወደ ጉዞው ልመለስ። በማግሥቱ ጠዋት ብቻዬን ለመውረድ ተነሳሁ። ብራይት ኤንጅል የሚባለው መንገድ ከአፋፉ ተነስቶ እየተጠማዘዘ ወንዙ ድረስ ይወርዳል፤ መሬቱ ጥንት የተሰነጠቀበትን መስመር ተከትሎ ነው የሚሄደው። በሌላ በኩል እንደ ግንብ የቆመው ግድግዳ እዚያ ላይ ስለተሰበረ እግር የሚያስገባ ቦታ ተገኘ። የእኛም ቁልቁለቶች እንዲሁ ናቸው፤ ሰው መንገድ አልሠራም፣ መንገድ የሰጠውን ስንጥቅ አገኘ።

መግቢያው ላይ በግልጽ ተጽፏል፦ በሙቀቱ ወራት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት በመንገዱ አትሂዱ፤ ወንዝ ድረስ ወርዳችሁ በአንድ ቀን እንመለሳለን አትበሉ፤ ለመውረድ የፈጀባችሁን ጊዜ እጥፍ ለመውጣት ያዙ። አነበብኩት። እኔ ግን የገደል ልጅ ነኝ ብዬ አሰብኩ፤ ከተሜ ለሆኑት የተጻፈ መሰለኝ። በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ላይ መውረድ ጀመርኩ። አራት ሊትር ውሃ ይዣለሁ፤ ምግብ ግን «ስመለስ እበላለሁ» ብዬ አልያዝኩም። ዛሬ ሳስበው አባቴ ቢያየኝ ምን ይል ነበር እላለሁ፤ አባቴ ፀሐይ ከወጣች በኋላ በሽሎን መውረድ የጀመረበት ቀን የለም።

7 ኪሎ ሜትር ያህል ወርጄ ዛፍና ምንጭ ያለበት ማረፊያ ስደርስ ገና እኩለ ቀን አልሆነም። ደስ አለኝ፤ ውሃ ሞልቼ ጠጣሁ፣ እንደገና ሞላሁ። መመለስ ስጀምር ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ገደል ከተራራ የሚለየው በዚህ ነው፤ ተራራ ላይ ጉልበትህ ሲያልቅ ቁልቁለቱ ይጠብቅሃል፣ ገደል ውስጥ ግን ጉልበትህ ካለቀ በኋላ ነው ዳገቱ የሚጀምረው። ከዚህ በላይ ግን ታች በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፤ አፋፉ ላይ ደስ የሚል አየር እያለ ወንዙ አጠገብ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ድንጋዩ ራሱ እንደ ምጣድ ይግላል።

ውሃ ጠማኝ፣ ጠጣሁ። ራሴን አመመኝ፣ ውሃ ያነሰኝ መስሎኝ ደግሜ ጠጣሁ። አቅለሸለሸኝ፤ ጣቶቼ አብጠው የጋብቻ ቀለበቴ ጠበቀኝ። ከመንገዱ ዳር የተሠራች ጥላ ያላት ማረፊያ ደርሼ ተቀመጥኩ፤ መነሳት አልቻልኩም። እዚያ የምትዞር አንዲት የፓርክ ጠባቂ መጣች፤ መንገደኛውን እየጠየቁ አደጋ ሳይደርስ የሚከላከሉ ሠራተኞች አሉ። «ምን ያህል ጠጣህ?» አለችኝ፤ ነገርኳት። «ምን በላህ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ቦርሳዋን ከፍታ ጨው የተነሰነሰበት ብስኩት ሰጠችኝ። «ውሃ አታንሳ፤ ይህን ብላ፤ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ከዚህ አትንቀሳቀስ» አለችኝ። በኋላ እንዳስረዳችኝ ላቤ ጨዉን ይዞት ወጥቷል፣ እኔ ደግሞ የቀረውን በውሃ አቀጠንኩት፤ በዚህ ሁኔታ ውሃ ብቻ መጨመር ሰው እስከ መግደል ይደርሳል። እስከ 10 ሰዓት እዚያው ተቀምጬ፣ ብስኩቱን እንደ ቁርባን ቀስ ብዬ እያኘክሁ፣ ሲቀዘቅዝ ወጣሁ። አፋፉ ላይ ስደርስ ጨልሞ ነበር። የአክስቴ ልጅ ቆማ ታለቅስ ነበር።

ያን ቀን ጥላ ሥር ተቀምጬ ያሰብኩት ስለ በሶ ነው። አባቴ በሽሎን ሲወርድ እናቴ በስልቻ የምትይዝለት በሶ ነበር፤ ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ጨው ገብቶበት። ወንዙ ዳር ሲደርስ በውሃ በጥብጦ ይጠጣዋል። ልጅ ሆኜ «ለምን ጨው?» ብዬ ጠይቄ «መንገድ ጨው ይበላል» ብላኛለች። ሌሊት ተነስቶ መውረድ፣ ቀትርን በጥላ ማሳለፍ፣ ውሃን ከእህልና ከጨው ጋር መጠጣት፤ በዚያ ፓርክ በየቦታው ተጽፎ የሚገኘው ምክር በእናቴ ቤት ተንጠልጥሎ የነበረ ስልቻ ውስጥ ነበር። ልዩነቱ እነርሱ ጽፈውታል። እኔ ልጇ ረሳሁት፣ ለመሞትም ጥቂት ቀረኝ።

ስለ መጻፍ ካነሳሁ ሁለት ሰዎችን ላስታውሳችሁ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ከደብረ ታቦር አንስተው የጅጣንና የበሽሎን ገደል አሻግረው መቅደላ ላይ አወጡት። መንገዱን ድንጋይ በድንጋይ እየቆረጡ፣ ራሳቸውም በእጃቸው እየሠሩ፣ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦር እርሳቸው ባስቆረጡት መንገድ ወርዶ ነው በሽሎን የተሻገረው። ንጉሡ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አረፉ። በዓመቱ፣ በግንቦት 1861 ዓ.ም.፣ ጆን ዌስሊ ፓወል የተባለ፣ በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ቀኝ እጁን ያጣ የጂኦሎጂ መምህር ዘጠኝ ሰዎች አስከትሎ በአራት ጀልባ ወደ ኮሎራዶ ገደል ጉዞ ጀመረ። ሦስት ወር ከፈጀ ጉዞ በኋላ ከአሥሩ ስድስቱ ብቻ ዳር ደረሱ። ፓወል ያየውን እየጻፈ፣ እየለካ፣ ስም እየሰጠ ነበር የሄደው፤ ዛሬ አንድ ቱሪስት ካርታውን ዘርግቶ በጣቱ የሚከተለው የእርሱንና የተከታዮቹን ሥራ ነው። ከሁለቱ ሥራ የትኛው ከባድ እንደነበር እናንተ ፍረዱ። የቴዎድሮስ መንገድ በየት በኩል እንደወረደ በእኛ መንደር የሚያሳዩት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እኔ ልጅ ሳለሁ አራት ነበሩ። አሁን አንዳቸውም የሉም።

ፓወል ስም ሰጠ ስል ግን ገደሉ ስም አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ሰው ይኖርበት ነበር፤ ዛሬም ይኖራል። ሃቫሱፓይ የሚባል ሕዝብ አለ፤ ትርጉሙ የሰማያዊ አረንጓዴ ውሃ ሰዎች ማለት ነው። ሱፓይ የምትባለው መንደራቸው ገደሉ ውስጥ ናት፤ የመኪና መንገድ አይደርስባትም፣ ፖስታዋ እስከ ዛሬ በበቅሎ ጀርባ ይወርዳል። እኔ ውሃ የጠጣሁበት ምንጭና ጥላ የእነርሱ እርሻ ነበር። ፓርኩ ሲቋቋም ከዚያ እንዲወጡ ተደረገ፤ የመጨረሻዎቹ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ተባረሩ። በ1975 ከመሬታቸው 75,000 ሄክታር ያህል በሕግ ተመለሰላቸው፤ ያ ማረፊያ ደግሞ በስማቸው የተጠራው ገና በ2022 ነው። ያን ድንቅ ቦታ በአድናቆት ሳወራላችሁ ይህን ብደብቅ እዋሻለሁ። እኛም ቦረና ሳይንት ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያሉበት ፓርክ አለን፤ የምኒልክ ድኩላ ይኖርበታል። ያንን ደን ሰው ጠብቆ ባያቆየው ዛሬ የምንከልለው ነገር አይኖረንም ነበር። ስለ ፓርክ ስንነጋገር በዙሪያው ያሉት ሰዎች መጀመሪያ ይጠየቁ፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ወንዙን አልነካሁትም፤ ከላይ ሆኜ ብቻ አየሁት። ኮሎራዶ ማለት በስፓንኛ ቀላ ያለ ማለት ነው፤ ደለል ተሸክሞ ስለሚፈስ። ያየሁት ግን አረንጓዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ከላዩ ትልቅ ግድብ ስለተዘጋ ደለሉ ግድቡ ውስጥ ይቀራል፣ ውሃው ጠርቶና ቀዝቅዞ ይወርዳል፤ ወንዙ ዳር የነበረው አሸዋም እየተበላ ስላስቸገረ ከ1996 ወዲህ አልፎ አልፎ ሆን ብለው ጎርፍ ይለቃሉ። በዚያው ሐምሌ በሽሎ የወሎን አፈር ተሸክሞ ወደ ዓባይ ይነጉድ ነበር፤ ያ መቅላት ለእኛ ውበት አይደለም፣ እርሻችን ነው።

ለምን እንደጠራችሁን አልረሳሁም፤ «ከጉዞህ ምን ይዘህ መጣህ?» ብላችሁኛል። ይዤ የመጣሁት አንድ ሥራ ነው፣ ለእናንተም ላካፍላችሁ። የመኪና መንገድ በየቦታው እየገባ ነው፤ መግባቱ ያስደስተኛል፣ በወሊድ የተያዘች እናት በቃሬዛ ገደል ስትወጣ አይቻለሁና። ነገር ግን እግረኛው ሲቀር መንገዱን የሚያውቀውም ይቀራል። ተማሪዎች፣ ለዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ አንድ ደብተር ያዙ። አንድ ቁልቁለት ምረጡ፤ የበሽሎን፣ የዓባይን፣ የምታውቁትን። ከአፋፍ እስከ ወንዝ ውሃ የት እንዳለ፣ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ ጥላው የቱ እንደሆነ፣ የቱ ድንጋይ በክረምት እንደሚንሸራተት፣ እያንዳንዱ ማረፊያ በማን ስም እንደሚጠራ ከሽማግሌዎች ጠይቁ። እናቶችንም ጠይቁ፤ ስንቁን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ትምህርት ቤታችን ደብተሮቹን ሰብስቦ ሊያስቀምጥ ተስማምቷል።

እኔ ባለፈው ወር ጀምሬያለሁ። አባቴ ዓይኑ ደክሟል፣ መንገዱ ግን በአፉ አለ። የመጀመሪያውን ገጽ እርሱ እንደነገረኝ ላንብብላችሁ፦

«ዶሮ ሲጮህ ከአፋፉ ተነሳ። በቅሎዋን አትጫን፤ ሳባት። መጀመሪያ ግራ ግራውን ያዝ፣ በቀኝ ያለው ሣር ጠል ካለው ያንሸራትታል። ሲነጋ ሾላው ዘንድ ትደርሳለህ። ከሾላው በስተቀኝ ከድንጋይ ሥር ውሃ ይወጣል፤ ጥቅምት ላይ ይበዛል፣ ከመጋቢት በኋላ አትመነው። እዚያ ቁጭ በል፤ ባይደክምህም ቁጭ በል። ከዚያ በታች ጥላ የለም፣ እስከ ወንዙ አታርፍም። በሶህን ወንዙ ዳር እንጂ ሾላው ሥር አትጨርሰው፤ ስትመለስ ትፈልገዋለህ።»

ከሾላው ወደ ታች ያለውን ሊነግረኝ ሲጀምር እናቴ ቡናው ደርሷል ብላ ጠራችን። የቀረውን ለገና ስሄድ እጽፋለሁ።